የቦሰና ሰማያዊ ሣር

ቦሰና ሸራና ብሩሽ ከመያዟ በፊት ቀለምን ያወቀችው ሰበታ ውስጥ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማቅለሚያ ክፍል ነው። አክስቷን ተከትላ ከዱራሜ ስትመጣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ሥራዋ የቀለም ዱቄት መመዘን፣ መበጥበጥና የተነከረውን ቁራጭ ደንበኛው ከላከው ናሙና ጋር ማስተያየት ነበር።

አንድ ቀን አምስት ጊዜ ደጋግማ ያመጣጠነችውን አረንጓዴ ለክፍሉ ኃላፊ ለኡዘይር አሳየችው። ኡዘይር ሁለቱን ቁራጮች አምፖል ሥር አይቶ «ልክ ነው» አለ። ከዚያ «እስቲ ውጪ ነይ» ብሎ በር ላይ ዘረጋቸው። አምፖል ሥር መንታ የነበሩት ሁለት አረንጓዴዎች ፀሐይ ላይ ተለያዩ። የእሷ ወደ ቡኒ አደላ።

«ማን ለወጠው?» አለች ደንግጣ።

«ማንም አልለወጠውም። ቀለም ከብርሃኑ ጋር ነው የሚኖረው፤ ብቻውን አይገኝም።»

ይህ ለኡዘይር የሥራ ምክር ነበር። ቦሰና ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የፋብሪካው ግንብ ጠዋት ወይን ጠጅ መስሎ፣ ቀትር ላይ ነጥቶ፣ ከሥራ ስትወጣ ብርቱካን ሆኖ ይታያት ጀመር። በካርቶን ቁራጭ ላይ ሣለችው። አንዱን ግንብ አርባ ጊዜ ስትሥል አክስቷ «የኔ ልጅ፣ ሌላ ግንብ ጠፋ?» ትላት ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ አዲስ አበባ እየተመላለሰች ሥዕል ተማረች። መምህሯ የጀመረችውን የእንስራ ሥዕል አይቶ፣ የብርሃንን ለውጥ ሲያሳድዱ የኖሩ የፈረንጅ ሠዓሊዎችን ሥራ የያዘ ትልቅ መጽሐፍ ከፈተላት። ገጾቹን ስትገልጥ ቆየችና፣ «ኧረ! እነሱም ማቅለሚያ ክፍል ሠርተዋል እንዴ?» አለች።

ፋብሪካውን ለቅቃ ቡራዩ በአንድ የግል ትምህርት ቤት የሥዕል መምህርት ሆነች። ሦስት ወር ሳይሞላት ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አስጠራት።

«መምህርት፣ ወላጆች ቅሬታ አቅርበዋል። ልጆቹ ጥላን ሰማያዊ እየቀቡ ነው። ጥላ ጥቁር መሆኑን ማን ያጣዋል?»

«አምስት ደቂቃ ብቻ ይስጡኝ» አለችው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ወደ ግቢው ይዛው ወጣችና የባንዲራው ምሰሶ ጥላ ላይ ነጭ ወረቀት አነጠፈች። «ጥላው ምን ቀለም ነው?»

ሰውየው ከነሱፉ ጎንበስ አለ። «ሰማያዊ… ይመስላል።»

«የማስተምረው ይቺኑ ‹ይመስላል›ን ነው» አለችው። ከዚያ በኋላ ቢሮ የጠራት ሰው የለም።

በክረምቱ እረፍት ሱሉልታ ሄደች። ከሜዳው ዳር ባለ ሦስት እግሩን የሸራ ማቆሚያ ተክላ መሣል እንደጀመረች አምስት ስድስት ገበሬዎች ከበቧት። በዚያ አገር ባለ ሦስት እግር ነገር ይዞ ሜዳ ላይ የሚቆም ሰው መሬት ቀያሽ ነው፤ ቀያሽ ከመጣ ደግሞ ነገር አለ። ኦቦ ባጫ የሚባሉ ሽማግሌ በዱላቸው ተደግፈው ቀረቡ።

«ማን ላከሽ? መሬታችንን ልትለኪ ነው?»

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ?» ብላ ሰላምታ አቀረበች ቦሰና። ሰበታ የኖረ ሰው ኦሮምኛ አይቸግረውም። ብሩሹን አላስቀመጠችም። «የላከኝ የለም። ሜዳዎን እየሣልኩ ነው። ይኸው።» ሸራውን አዞረችላቸው።

ኦቦ ባጫ አዩት፤ ተቆጡ። «ሣሬን ምን አገኘው? ሰማያዊ ሣር የሚበላ ከብት አለኝ?»

«እኔ የቆምኩበት ይቁሙ። ዓይንዎን ጠበብ ያድርጉና ከወንዙ ወዲህ ይመልከቱ።»

ጉሙ ገና እየተገፈፈ ነበር፤ ጤዛውም አልረገፈም። ሽማግሌው ዓይናቸውን አጥብበው ቆዩ።

«ዱጉማ!» አሉ በመጨረሻ። «እውነቷን ነው! ሰባ ዓመት ስኖርበት ሜዳው አንድ ቀን ሳይነግረኝ!» ከዚያም ወደ ሰዎቹ ዞረው፣ «በርጩማ አምጡላት። አንቺም ነገ እንዳታረፍጂ፤ የሚያምረው በአንድ ሰዓት ነው» አሏት።

በዚያ ክረምት አሥራ አንድ ሥዕል ጨረሰች። አዲስ አበባ ላይ ስታሳያቸው አንድ የጋለሪ ባለቤት ወደ ጎን ወሰድ አድርጓት፣ «ጥሩ ናቸው፤ ግን ይሄ አሣሣል ፈረንጆቹ ከመቶ ዓመት በፊት የተውት ነው» አላት።

«እነሱ ሱሉልታን አልሣሉትም» አለች ፈገግ ብላ።

ዛሬ ቦሰና አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። ቡራዩ ማስተማሩን አልተወችም። ቅዳሜ ደግሞ ሰበታ፣ ቤቷ ግቢ ውስጥ ከፈረቃ የወጡ የፋብሪካ ሠራተኞችን ታስተምራለች። ጥቁር ቀለም ይዞ መግባት ክልክል ነው። ባለፈው ሳምንት አያንቱ የምትባል አዲስ ተማሪ፣ «ታዲያ ፀጉሬን በምን ልሣለው?» ብላ ጠየቀቻት።

ቦሰና በርጩማ ሳበችና ልጅቷን ፀሐይ ላይ አስቀመጠቻት። ከተማሪዎቹ አንዱ ፀጉሯን አይቶ «ጥቁር ሰማያዊ ነው» አለ፤ ሌላዋ «ኧረ ጫፉ ቀይ ነው!» ብላ ተከራከረች። ቦሰና ማንንም አላረመችም። «ሁላችሁም ያያችሁትን መሣል ጀምሩ» አለችና የራሷን ብሩሽ አነሣች።