ብስክሌቴን የለወጥኩበት የአየር ጠመንጃ

አባቴ ከሆስፒታል የወጣ ቀን ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶኝ ሳንባው መዳኑን፣ ሰውነቱ ግን ማለቁን ነገረኝ። መድኃኒቱን ጨርሷል፤ ከእንግዲህ የሚያነሣው ምግብ ነው። ሥጋ፣ እንቁላል፣ መረቅ። ሐኪሙ ይህን ሲለኝ ዓይኔን አላየኝም፤ በዚያ ሰሞን ደሴ ውስጥ ሥጋ እንደልብ እንደማይገኝ እሱም ያውቃል። ድርቁ ካለፈ ሁለት ዓመት ቢሆነውም ያለቀው ከብት ገና አልተተካም። እኛ ቤት ሥጋ የሚገባው ለገናና ለትንሣኤ ነበር።

አባቴ በአሰብ መንገድ ከሃያ ዓመት በላይ የጭነት መኪና የነዳ፣ ትከሻው በር የሚሞላ ሰው ነበር። አሁን ከአልጋው እስከ ደጃፉ የሚደርሰው ግድግዳ እየተደገፈ ነው። እናቴ ካረፈች ቆይታለች፤ ታናሽ ወንድሜ ብሔራዊ ውትድርና ሄዷል። ቤቱ ውስጥ የቀረነው አባቴና እኔ ነበርን። እኔ ሠላሳ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ፣ ሆጤ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተምር፣ ያላገባሁ ሴት ነበርኩ።

አባቴ ጤነኛ ሳለ ቆቅ ማደን ይወድ ነበር። ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃውን በአብዮቱ መጀመሪያ መሣሪያ ሲሰበሰብ አስረከበ፤ ከዚያ ወዲህ ቤታችን ቆቅ ገብቶ አያውቅም። ቆቁ ግን አላለቀም። ከከተማው ወጣ ሲሉ ደሴ ዙሪያ ማሳዎች ላይ ጠዋት ጠዋት ሲጮህ ይሰማል። እኔም ቀበሌው ለአብዮት ጥበቃ ሲያሠለጥነን ተኩስ ተምሬያለሁ፤ ዓይኔም እጄም ደህና መሆናቸውን አሠልጣኙ መስክሮልኛል። ባሩድ የሚተኩስ መሣሪያ እንደኔ ላለው አይፈቀድም፤ የአየር ጠመንጃ ግን በደብዳቤ ይፈቀድ ነበር። ስለዚህ አድናለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

መጀመሪያ የተኮስኩት በውሰት ነው። የትምህርት ቤታችን የስፖርት መምህር ለዒላማ መለማመጃ የሚይዛት ቀጭን የአየር ጠመንጃ ነበረችው፤ የምትተኩሳት የእርሳስ ጥይት ከምስር ፍሬ አትበልጥም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት እሷን ይዤ፣ አባቴ ድሮ ወደሚያድንበት መንደር የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ በእግሬ ሄድኩ። የማሳው ባለቤት አባቴን የሚያውቁ አዛውንት ሙስሊም ገበሬ ናቸው። ቆቅ የባቄላ ዘራቸውን እየጫረ አስቸግሯቸው ስለነበር ደስ ብሏቸው ፈቀዱልኝ።

አንዱን አውራ ቆቅ ደረቱ ላይ መታሁት። ላባው ሲበን አይቻለሁ። ቆቁ ተንገዳገደ፤ ከዚያ ክንፉን እያማታ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። እስከ እኩለ ቀን ፈለግሁት፤ እጄ በእሾህ ተቧጭሮ አለቀ፤ አላገኘሁትም። በሳምንቱ ስመለስ አዛውንቱ ወደ ውሃ መውረጃው ወስደው ጉንዳን የጨረሰውን ላባና አጥንት አሳዩኝ። ሦስት ቀን ሙሉ እየተጎተተ ቆይቶ መሞቱን ከብት ጠባቂዎች እንደነገሯቸው አወሩኝ። አልተቆጡም።

"ልጄ፣ ወላሂ ለክፋት አይደለም የምልሽ" አሉኝ። "አላህ የፈጠረውን ወይ ግደይው፣ ወይ ተይው። በዚህች መርፌ ተመልሰሽ እንዳትመጪ።"

እንዳፈርኩ ተመለስኩ። ዓይኔ አልሳተም፤ ግን ያቺ ምስር የምታክል እርሳስ ቆቅ መጣል አለመጣሏን ሳላጣራ የተኮስኩት እኔ ነኝ። አሁን ያለኝ ምርጫ ወይ መተው፣ ወይ ወፍራም እርሳስ የሚተኩስ ጠመንጃ መፈለግ ነው። መተው የሚለውን ከመንደሩ ሳልወጣ ሠረዝኩት።

ፒያሳ የብስክሌት መለዋወጫና ፋኖስ የሚሸጥበት አንድ ሱቅ ነበር፤ የአየር ጠመንጃም አልፎ አልፎ ይገባበታል። ባለሱቁ ለወንድሜ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ለራሴ መሆኑን ነገርኩት። ከዚያ በኋላ በደንብ አስረዳኝ። ሦስት ዓይነት እርሳስ ባንኮኒው ላይ ደረደረልኝ፤ አንዱ ምስር፣ ሁለተኛው አተር፣ ሦስተኛው ሽምብራ ያክላል። ቀጭኑ ፈጣን ነው፣ ከሩቅ ያገኛል፣ ግን በስቶ ያልፋል እንጂ አይጥልም። ወፍራሙ ቀርፋፋ ነው፣ ከሠላሳ እርምጃ በላይ ወደ መሬት ይወርዳል፣ ቅርብ ላይ ግን እንደ ዱላ ይመታል። መካከለኛውን እርሳስ የሚተኩስ ባለመነጽር አዲስ ጠመንጃ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ዋጋው የግማሽ ዓመት ደመወዜ ነው። መነጽሩ ያምራል። እኔ ግን ቆቁን ከሩቅ ማየት አልነበረም ችግሬ። በደረቴ እየተሳብኩ መቅረብ እችላለሁ፤ እርሳሱን ማወፈር ግን አልችልም። ወፍራሙን እንደምፈልግ ስነግረው እሱ ዘንድ እንደሌለ፣ ኮምቦልቻ ብረት በቶርኖ የሚቀርጽ አንድ ባለሙያ ግን አሮጌ እንዳለው ጠቆመኝ።

ለአባቴ ስነግረው ከትራሱ ቀና አለ። እኛ ወንጌላውያን ነን፤ ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ዓመታት አልፈዋል፤ የምንጸልየው ሰው ቤት ተሰባስበን ነበር።

"አራት ሰው ለጸሎት ስንሰበሰብ የሚቆጥር ጎረቤት አለን" አለኝ። "በኔ ሆድ ምክንያት እዚህ ቤት ጠመንጃ አይገባም።"

"ተደብቆ አይገባም አባዬ። የቀበሌው ሊቀመንበር ፊት ቀርቤ በደብዳቤ አስገባዋለሁ።"

"እምቢ ቢልሽስ?"

"በማግስቱ እመለሳለሁ።"

ቀበሌ ሦስት ጊዜ ሄድኩ። መጀመሪያ ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ነው ተባልኩ፤ ሁለተኛው ቀን ማመልከቻ ጽፈሽ ነይ ተባልኩ፤ በሦስተኛው ፊቱ ቆምኩ። ጴንጤዎች መሣሪያ አትይዙም ሲባል ነበር የምሰማው ብሎ በጎን አየኝ። የሐኪሙን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። የአባቴን ስም ሲያይ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበው፤ ለካስ ልጅ ሆኖ ከሐይቅ ደሴ ድረስ በአባቴ መኪና በነፃ ተጭኖ ነበር። አንድ የአየር ጠመንጃ መያዝ እንደምችል፣ በየወሩ ግን ቀበሌ አምጥቼ ማሳየት እንዳለብኝ ጽፎ ማኅተሙን አሳረፈበት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በአውቶቡስ ኮምቦልቻ ወረድኩ። የቶርኖ ባለሙያው ጎልማሳ፣ ቃል የማያባክን ሰው ነው። ጠመንጃው መንገድ ሲሠሩ የነበሩ የውጭ ሰዎች ትተውት የሄዱት ነው፤ ሰደፉ የተሰነጠቀና በሽቦ የታሰረ፣ ብረቱ የዛገ፣ ሲያነሡት እንደ ሙቀጫ ዘነዘና የሚከብድ። ከጎኑ ሌላ ቀጭን፣ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ ነበረው፤ በግማሽ ዋጋ እሰጥሻለሁ አለኝ። አላነሣሁትም።

የባሕር ዛፍ ሳንቃ አቁሞ አሮጌውን ዐሥር ጊዜ እንድተኩስ ለመንኩት። ከሃያ እርምጃ ተኮስኩ። ከዚያ የክብሪት እንጨት በየቀዳዳው እያስገባሁ ጥልቀቱን ለካሁ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ክብሪቱን እስከ ወገቡ ይውጣሉ፤ የመጨረሻዎቹ ግን ጭንቅላቱን እንኳ በቅጡ አይሸፍኑም። ድምፁም እየላላ መሄዱን ሰምቻለሁ።

"አየር ያፈስሳል" አልኩት። "ሞላው ደህና ነው። ውስጡ ያለው ቆዳ ደርቋል።"

የት እንደተማርኩ ጠየቀኝ። የብስክሌት ጎማ መንፊያ ቆዳው ሲደርቅ እንደዚሁ ነው የሚያደርገው፤ አባቴ በዘይት ሲያርሰው እያየሁ ነው ያደግሁት። ሰውየው ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ባለሙያ ያነጋግረኝ ጀመር። የጠየቀው ገንዘብ ግን አሁንም ከኔ አቅም በላይ ነበር። ስንከራከር ቤቱ ከከተማው ዳር እንደሆነና ጠዋት ማታ በእግሩ እንደሚመላለስ በወሬ መሐል አነሣ።

ድሮ ኮምቦልቻ ሳስተምር አባቴ የገዛልኝ ብስክሌት ነበረኝ። ኮምቦልቻ ሜዳ ነው፤ ደሴ ከተዛወርኩ ወዲህ ግን ዳገቱ አላስነዳ ብሎኝ በረንዳችን ላይ ቆሟል። በብስክሌቱ እንለወጥ አልኩት፤ ግን አሁን አይደለም። መጀመሪያ አዲስ ቆዳ ያስገባበት፤ ሰደፉን ይጠግን፤ እርሳሱም ፒያሳ ሁልጊዜ ስለማይገኝ አቅልጬ የማፈስበት የብረት ፎርማ በቶርኖ ያውጣልኝ። ከዚያ እንደገና ዐሥር ጊዜ እተኩሳለሁ፤ ዐሥሩም እኩል ከገቡ ብስክሌቱ የሱ ነው። እጁን ዘረጋልኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ጎማውን ነፍቼ፣ ፍሬኑን አጥብቄ፣ ቀሚሴን ከሱሪዬ ላይ በመቀነት ሸብ አድርጌ ከደሴ ወረድኩ። የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ስደርስ የፍሬኑ ጎማ መሽተት ጀመረ። እየቆምኩ፣ ጠርዙን በውሃ እያቀዘቀዝኩ፣ ከኋላ የሚመጡ የጭነት መኪናዎችን እያሳለፍኩ ወረድኩ። አንድ ሾፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ብስክሌቱን ጭኖ ሊያደርሰኝ ጠየቀኝ፤ አመስግኜ እምቢ አልኩ። ያ የብስክሌቱ የመጨረሻ መንገድ ነበር፤ ራሴ ላደርሰው ፈለግሁ።

ዐሥሩንም ተኮስኩ። ክብሪቱ ዐሥር ጊዜ አንድ ልክ ገባ። ብስክሌቱን ሰጥቼ ጠመንጃውን በጆንያ ጠቅልዬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ኬላው ላይ ፈታሹ ወታደር ጆንያውን ፈታ። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበ፤ ማኅተሙን በጣቱ ዳሰሰ። ለምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ እውነቱን ነገርኩት። መልሶ ሲጠቀልልልኝ ቋጠሮውን ከኔ ይልቅ አጥብቆ አሰረው።

እርሳሱን ከአሮጌ የመኪና ባትሪ አውጥቼ ጓሮ ከሰል ላይ በጣሳ አቀልጠው ጀመር። የመጀመሪያዎቹ ጎባጣ ነበሩ፤ መልሼ አቀለጥኳቸው። በሦስተኛው ቀን አባቴ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ እየተደገፈ ወጣና አጠገቤ ተቀመጠ። ሞረዱን ከእጄ ወሰደና የእርሳሶቹን ጠርዝ አንድ በአንድ ያስተካክል ጀመር። ዒላማ ስለማመድም ከበርጩማው ላይ ሆኖ ይመለከተኛል። አንድ ቀን ብቻ አረመኝ፤ ቃታውን የምስበው ትንፋሼን አፍኜ ነበርና ግማሹን አውጥቼ እንድስብ ነገረኝ። ከዚያ በኋላ በሃያ አምስት እርምጃ ላይ የጠርሙስ ክዳን አልሳትኩም። ከዚያ በላይ ርቀት ላለ ነገር ላልተኩስ ለራሴ ቃል ገባሁ።

አዛውንቱ ጋ ስመለስ ጠመንጃውን በእጃቸው መዘኑ፤ አፈሙዙ ውስጥ ትንሿን ጣታቸውን ለማስገባት ሞከሩ።

"ይህስ ጠመንጃ ነው" አሉ። "ግቢ፣ ቢስሚላሂ ብለሽ።"

የዚያን ጠዋት ሁለት ጊዜ ቆቅ አይቼ ሁለት ጊዜ ተውኩ፤ ሩቅ ነበር። በደረቴ እየተሳብኩ የባቄላውን ዳር ይዤ ተጠጋሁ፤ ጤዛው ልብሴን አልፎ ሆዴን አቀዘቀዘው። ሦስተኛው ሃያ እርምጃ ያህል ሲቀረኝ ጉብታ ላይ ወጥቶ አንገቱን አቀና። ግማሹን ትንፋሽ አወጣሁ፤ ሳብኩ። ቆቁ ካለበት ተደፋ፤ አልተነሣም። ሮጬ ደርሼ በቢላ ባረድኩት ጊዜ ከደስታ ይልቅ እፎይታ ነበር የተሰማኝ።

አዛውንቱ እኔ ያረድኩትን እንደማይበሉ አውቃለሁ። ስለዚህ ቀጥሎ በመጣሁ ጊዜ ክንፉን ብቻ የመታሁትን ቆቅ ሕይወቱ ሳይወጣ ይዤ ጠራኋቸው፤ በሃይማኖታቸው ሥርዓት ራሳቸው አረዱት። ለባቄላዬ ካሳ ተቀበልኩ ብለው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ እንቁላልና ድንች ሳያሲዙኝ ባዶ እጄን ሰደውኝ አያውቁም።

የመጀመሪያውን ቆቅ ለአባቴ ቀቅዬ መረቁን በሣህን ሰጠሁት። ጸሎት አድርሶ ጠጣ፤ ሥጋውን ቀስ እያለ በላ፤ ሲጨርስ አጥንቱን ይዞ ቆየ። "እርሳሱ የት ነው የገባው?" ብቻ አለኝ። አሳየሁት። ራሱን ነቀነቀ።

በሳምንት አንድ፣ አንዳንዴም ሁለት ቆቅ አመጣ ነበር። ክረምቱ ሲገባ አቆምኩ፤ መስከረም ላይ ቀጠልኩ። ጠመንጃውን በየወሩ ቀበሌ እየወሰድኩ አሳየሁ፤ አንድም ወር አላለፈኝም። አባቴ ወደ መኪና መሪው አልተመለሰም፤ ሳንባው አልፈቀደለትም። ነገር ግን ሥጋው ተመለሰ፤ ሱሪው ያለ ገመድ ወገቡ ላይ መቆም ቻለ። በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስነሣ ጫማውን አድርጎ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። እስከ መንደሩ ድረስ፣ ስድስት ቦታ እያረፍን፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ሄድን። አዛውንቱ ከሩቅ ሲያዩት ወደ መንገዱ ወረዱ። ሁለቱ ተቃቅፈው ትከሻ ለትከሻ ደጋግመው ተሳሳሙ። ከዚያ እነሱ ፀሐይ ላይ ጨዋታቸውን ሲይዙ እኔ ጠመንጃውን አንግቼ ወደ ባቄላው ዳር ሄድኩ።