እታለም፣ ወንዛዬና የመጨረሻው ቁልፍ

ድረ ገጽ መሥራት እንጀራዬ ነው። ጎረቤት ሥራዬን ሲጠይቃት እማዬ «ኮምፒዩተር ላይ ትጽፋለች» ብላ ታልፋለች፤ ምን እንደምጽፍ ለሚጠይቃት ግን መልስ የላትም። አንድ ቅዳሜ ደብረ ታቦር ገበያ ያገኙኝ የማኅበር ጓደኛዋ ከእግሬ እስከ ራሴ አይተውኝ፣ «አንቺ ልጅ፣ ያን ጽሑፍ እስካሁን አልጨረስሽውም?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የእኔ ሥራ አያልቅም፤ ዘንድሮ ያማረው ገጽ ለከርሞ ያረጅና እንደገና ይጻፋል።

ለዓመታት የጻፍኩት አዲስ አበባ ሆኜ ነው። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነበር፤ ውሃ በፈረቃ ይመጣል፣ ከላይ ያለችውን ጎረቤቴን የማውቃት በጫማዋ ድምፅ ነው። ጠዋት ለታክሲ እሰለፋለሁ፣ ማታም ለታክሲ እሰለፋለሁ፣ በመካከሉ ቢሮ ቁጭ ብዬ ሰው እንዳይሰለፍ የሚያደርግ ድረ ገጽ እሠራለሁ። ቢሆንም ከተማዋን አላማትም። የማን ልጅ ነሽ ሳትል ሥራ የሰጠችኝ እሷ ናት፤ ያልገባኝን ደፍሬ መጠየቅም የተማርኩት እዚያው ነው።

ኮድ መጻፍ የጀመርኩት ግን በእታለም ኮምፒዩተር ነው። እታለም የምላት ታላቅ እህቴን ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ እሷ ዐረብ አገር በሰው ቤት ትሠራ ነበር፤ ወደ አገሯ በምትመለስ አንዲት ልጅ እጅ፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ያገለገለ ላፕቶፕ ላከችልኝ። ቁልፎቹ ላይ የዐረብኛ ፊደል ታትሞባቸው ነበር። የማላነበውን ፊደል እየተጫንኩ ኮድ ለመድኩ፤ ዛሬም ዐረብኛ ጽሑፍ ባየሁ ቁጥር ጣቶቼ የሚያውቁት ይመስለኛል።

እታለም ሁለት ጊዜ ሄዳ ሁለት ጊዜ ተመልሳለች። አባታችን ያረፈው በመጀመሪያው ጉዞዋ ነው፤ አልቀበረችውም። ሁለተኛ ስትመለስ በቃኝ ብላ ወንዛዬ፣ ከፍል ውሃው ፈንጠር ብሎ፣ ለታማሚዎች ማረፊያ ቤት ሠራች። ወንዛዬ ቁርጥማት የያዘው፣ ወገቡን የሚያመው፣ ቆዳው ያስቸገረው ሁሉ የሚወርድበት ነው። አልጋዎቹን አበባ ያለበት አንሶላ አለበሰቻቸው፤ ስንቁን ይዞ ለሚመጣ ማብሰያ ጎጆ አቆመች፤ በሩ ላይ የብርቱካን ችግኝ ተከለች። ሰው ግን አልመጣም። የቅርብ አገር ሰው ዘመድ ቤት ያድራል። የሩቁ ደግሞ ማደሪያ መኖሩን አያውቅም፤ ቢያውቅም ሞልቶ ቢሆንስ እያለ በሽተኛ ይዞ መንገድ አይጀምርም።

የዐረብ አገሯ የቀድሞ ማዳሟ በደላላ በኩል መፈለግ የጀመረቻት ያኔ ነው። እታለም ፓስፖርቷን አሳደሰች፤ ቤቱን እስከ ፋሲካ ሰው ካልለመደው እሄዳለሁ አለች። እማዬ ይህን የሰማች ዕለት ምስር ስትለቅም ዋለች፤ የለቀመችውን መልሳ ለቀመችው። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ በስልክ ስሰማ ፈራሁ። አሁን ከሄደች የምትመለስ አልመሰለኝም።

እስከ ፋሲካ ደብረ ታቦር ሆኜ ልሥራ ብዬ አለቃዬን ለመንኩት። ደግ ሰው ነው፤ ብቻ ሠራተኛውን በዓይኑ ካላየ የሚሠራ አይመስለውም። እያጉረመረመ ፈቀደልኝ። ከጥምቀት በኋላ እማዬ ቤት ገባሁ። ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ጣቶቼን በሻይ ብርጭቆ እያሞቅሁ፣ ከጉና የሚወርደው ጉም መስኮቱን ሲሸፍንና ሲገልጥ የቢሮዬን ሥራ እሠራለሁ። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፔን ታቅፌ ጄኔሬተር ወዳለው ሻይ ቤት ነው፤ እዚያ ከሌላ ክልል የመጡ የዩኒቨርሲቲ መምህራን እንደኔው ላፕቶፓቸውን ታቅፈው አገኛቸዋለሁ። ብቅ ሳልል ከሰነበትኩ አስተናጋጇ አሟት ይሆን ብላ እማዬን ትጠይቃለች። አዲስ አበባ ታምሜ ብተኛ መቅረቴን ቀድሞ የሚያውቀው አለቃዬ ነበር። ኮዱ እምቢ ሲለኝ ደግሞ ወደ ጋፋት በእግሬ እወጣለሁ። ጥንት ብረት ቀልጦ መድፍ የተሠራበት ቦታ ዛሬ ገብስ ይዘራበታል፤ መጀመሪያ የተሞከረው ምድጃ አልሆን ብሎ እንደገና ተሠራ ሲባል ሰምቻለሁና እዚያ ስደርስ ትንሽ እጽናናለሁ።

እሑድ እሑድ በወረታና በሐሙሲት አድርጌ ወንዛዬ እወርዳለሁ። ለእታለም የሠራሁላት ገጽ ትንሽ ነበር። ስለ ሙያዬ ያለኝ እምነት ይህ ነው፤ ድረ ገጽ የሚሠራው ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ለቆመ፣ የስልኩ መስታወት ለተሰነጠቀበት፣ ባትሪው ሊያልቅ ለደረሰበት ሰው ነው። ቢሮ ውስጥ በፈጣን መስመር ተከፍቶ የሚጨፍር ገጽ አያስደስተኝም። ስለዚህ ፎቶውን ቀነስኩ፣ ጽሑፉን አሳጠርኩ፣ ሐሙሲት መናኸሪያ ቆሜ በእታለም ስልክ ሞከርኩት። ወዲያው ተከፈተ። የሚመጣው ሰው ከየት እንደሚነሳ፣ ሕመሙ ምን እንደሆነ፣ አስታማሚ ይዞ እንደሆነና የሚደርስበትን ቀን ይሞላል። መጨረሻ ላይ «በዚህ ቀን እንደምመጣ አረጋግጫለሁ» የሚል ቁልፍ አለ፤ እሱን ሲጫን ክፍሉ ይያዝለታል። ቁልፉን ከትልልቅ ሆቴሎች ገጽ ነው የቀዳሁት።

ወሬው ከስልክ ስልክ ተላለፈ። ገጹን ብዙ ሰው ከፈተው፤ የከፈተው ሰው ገጹ ላይ የት ድረስ እንደሄደና ምን እንደጻፈ ደግሞ ለእኔ ይታየኛል። ሰዎቹ ሁሉንም ይሞላሉ። የእናታቸውን ሕመም ከነጀመረበት ወር ዘርዝረው ይጽፋሉ። የመጨረሻው ቁልፍ ጋ ሲደርሱ ትተውት ይወጣሉ። አንዳንዱ በማግስቱ ተመልሶ፣ ሁሉንም እንደገና ሞልቶ፣ እዚያው ቦታ ላይ ይቆማል።

ኮዱ ተበላሽቶ ነው ብዬ ፈታትቼ ጻፍኩት። ቁልፉን አሳደግሁት፣ አረንጓዴ ቀባሁት። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። በእኛ ሙያ ቀላሉ ነገር ተጠቃሚውን ማማት ነው፤ ሥራችን አልሄድ ሲል ሰዉ አልገባውም እንላለን። እኔም ይህንኑ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እታለም ግን ምንም አትጠይቀኝም፤ ማንም ያልተኛባቸውን አንሶላዎች አቧራ ይዟቸዋል እያለች ታጥባለች። አንድ እሑድ ደላላው ሲደውል አጠገቧ ነበርኩ። ከፋሲካ በኋላ ለመሄድ ተዘጋጅተሽ ትጠብቂያለሽ ወይ ሲላት፣ እግዜር ካለ አለችው። ከዚያ በፊት የሚጠይቃትን ሁሉ በሳቅ ነበር የምትመልሰው፤ ያን ቀን አልሳቀችም። ስመለስ መኪና ውስጥ ሻሼን ፊቴ ላይ ጥዬ አለቀስኩ።

በዚያው ሳምንት አለቃዬ ደወለ። ፋሲካን ውዬ ቢሮ እንደምገባ ቁርጥ ያለ ቃል ፈልጎ ነበር። እኔም እግዜር ካለ እመጣለሁ አልኩት። ሳቀ፤ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። «እሱን ተይውና፣ ትመጫለሽ ወይስ አትመጪም?» አለኝ። በእርግጠኝነት እመጣለሁ ልለው አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ አልወጣ አለኝ። እማዬ ሰፌዷን ይዛ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ቀና ብላ፣ ልምል እንደተነሳሁ ሁሉ፣ በሥጋት አየችኝ። አለቃዬን መልሼ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁት። ነገሩ የገባኝ እዚያው ነው።

እኛ አገር የነገን ነገር ራቁቱን አይናገሩትም። ጎረቤት «ነገ እመጣለሁ» ብሎ ብቻ ከተነሳ፣ እማዬ ከኋላው «እግዜር ካለ» ብላ ትሞላለታለች፤ የተገለበጠ ኮሌታ የምታቃናለት ያህል ነው። ሰው ያስባል፣ እግዜር ይፈጽማል። በሽተኛ ይዞ ለሚነሳ ሰው ደግሞ ይብሳል። እናቱ እስከዚያ ቀን ትሰንብት አትሰንብት የማያውቅ ልጅ፣ በዚህ ቀን ይዣት እንደምመጣ አረጋግጫለሁ ብሎ እንዴት ይጫናል? ድፍረት ይሆንበታል፤ በገዛ እጁ መዓት የሚጠራ ይመስለዋል። ስልኩን አጥፍቶ ይተወዋል። ለእማዬ ከሆቴሎቹ መቅዳቴን ስነግራት «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ብላ ሳቀችብኝ። የእታለምን መሄድ ከሰማች ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር፤ ደስ ብሎኝ አብሬያት ሳቅሁ።

ቁልፉን ቀየርኩት። አዲሱ «እግዚአብሔር ቢፈቅድ እመጣለሁ» ይላል። የቢሮ ጓደኞቼ ቢያዩት መሳቃቸው እንደማይቀር አውቃለሁ። ታዲያ ክፍሉ ይያዝ ወይስ ይለቀቅ ይሉኛል። ለዚህም መላ አልጠፋም፤ እታለም በዋዜማው ትደውላለች፣ እየተነሳን ነው ካሏት ክፍሉ የእነሱ ነው። አንድ የእብናት ሙስሊም ነጋዴ ደውላ ስታጣራ «ኢንሻአላህ ብዬ ነው የተጫንኩት፣ እህቴ» ብሏት ከነሚስቱ በሰዓቱ ደርሷል። ከተማ ውስጥ በእርግጠኝነት ብሎኝ የቀረ ሰው ብዙ ነው። ወንዛዬ ቢፈቅድ ብሎ ተጭኖ የቀረ ጥቂት ነው፤ እሱም ደውሎ ለምን እንደቀረ ይናገራል።

አዲሱን ቁልፍ መጀመሪያ የተጫነው አንድ አስተማሪ ነበር። እናቱን ይዞ መጣ፤ ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሎ ክረምቱን ከመደብ ሳይወርዱ ያሳለፉ ሴት ናቸው። እታለም ከባጃጁ ደግፋ እያወረደቻቸው መንገዱ አደከመዎት ወይ ስትላቸው፣ ትከሻዋን ይዘው ግቢውን አዩትና «ቢፈቅድ ብለን ነበር፣ ልጄ። ፈቀደ» አሏት።

እታለም ትራስ ላመጣ ብላ ገባች፤ ሳትወጣ ቆየች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ሴትዮዋ ሱባኤያቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ጉልበታቸው ድኗል አልልም፤ ግን የቤቱን ደረጃ ማንም ሳይደግፋቸው ወረዱት፤ አገራቸው ገብተውም ጎረቤቶቻቸውን ላኩ። ከዚያ ሌላው መጣ፣ ሌላውም ሌላውን አስከተለ። በጾሙ አጋማሽ ማብሰያ ጎጆው ከጠዋት ጀምሮ ይጨስ ነበር፤ እማዬም ለመታጠብ ነው ብላ ወርዳ በሰው ሽሮ ላይ አማካሪ ሆና ሰነበተች። እታለም እንግዳውን እያቆላመጠች እኔን ባልዲ አነሳሽ አላነሳሽም ብላ ስትቆጣ፣ እማዬ «የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» ትላታለች። አለቃዬም ሥራው ሳይጓደል ሲደርሰው ጊዜ ወሩን ከፍዬ ግማሹን ደብረ ታቦር፣ ግማሹን አዲስ አበባ ብሠራ እንደማይጠላ ነገረኝ። እግዜር ካለ አልኩት፤ በዚህኛው አልሳቀም።

የእታለም መሄድና መቅረት ግን ገና አልለየለትም። ፓስፖርቱ ሣጥኗ ውስጥ ነበር። እኔም እሷን መጠየቅ ፈራሁ።

የሆሳዕና ሰሞን ጓሮ አንሶላ ስታጥብ ስልኳ ጮኸ። እጇ አረፋ ስለነበር አንስቼ ጆሮዋ ላይ ያዝኩላት። ደላላው ነበር፤ ድምፁ ለእኔም ይሰማል። ማዳሟ ሁሉን ነገር ጨርሳለች፣ ፋሲካን ውለሽ አዲስ አበባ ትደርሺያለሽ ወይ አላት። የለመደችውን መልስ እንደምትሰጠው ጠበቅሁ።

«አልመጣም» አለችው።

ሰውየው አልለቀቃትም፤ ደህና አድርገሽ አስቢበት፣ እንዲህ ያለ ዕድል ሁልጊዜ አይገኝም፣ ለመሆኑ እርግጠኛ ነሽ ወይ አላት።

እታለም ሽቅብ አየችኝ። «አረጋግጫለሁ» አለችው።

ስልኩን ዘግቼ አንገቷን አቅፌ ሳምኳት፤ ፊቴን አረፋ አስነካችው። ዛሬ የሚገቡት የእብናት እንግዶች ሳይደርሱ መድረቅ አለበት ብላ የአንሶላውን አንድ ጫፍ አስያዘችኝ። እሷ ወደ ቀኝ፣ እኔ ወደ ግራ እየጠመዘዝን ጨመቅነው።