ከባዱን ቃል የሚሞላው ሰው

ማክሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት በር ላይ የክፍሌ ልጅ እየሮጠች መጥታ ጋዜጣ አፍንጫዬ ሥር ዘረጋችልኝ። የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ከእግር ኳሱ ውጤት በታች፣ እኔ የሠራሁት መስቀለኛ ቃላት ወጥቷል! አሥራ ሁለት አግድም፣ አሥራ አንድ ቁልቁል፤ ከሥሩ ደግሞ "ከመቱ የተላከ" ይላል። ስሜን እንዳያወጡ ለምኜ ነበር፤ አላወጡም። ምን ልበላችሁ፣ የምሆነውን አጣሁ። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሦስት ጊዜ ከደብተሬ ሥር አውጥቼ አየሁት። ጥቁሮቹ ሳጥኖች ሳይቀሩ ቆንጆ ሆነው ታዩኝ።

የክፍሌ ልጆች "የት ተማርሽው?" ብለው ሲጠይቁኝ "እስር ቤት" አልኩ። የሳቁ አሉ። እኔ ግን እየቀለድኩ አልነበረም። እስከ ዛሬ ለማንም በቅጡ አውርቼው አላውቅም፤ አሁን መጻፍ እንደምችል ካወቅሁ ወዲያ ግን ዝም ማለቱ ከበደኝ።

ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ፤ አሥራ አምስት ዓመቴ። ቤተሰቦቼ ዳሪሙ ናቸው፤ አባቴ ቡናም ንብም አለው። እኔ መቱ ክፍል ተከራይቼ እማራለሁ። ተማሪው ሁሉ ለተቃውሞ መንገድ ላይ የወጣበት ሰሞን ነው። ጠዋት ሄደን "ትምህርት የለም፣ ተመለሱ" ተባልን፤ በመመለሻዬ ሳሙና ልግዛ ብዬ ወደ ገበያው ታጠፍኩ። ጥፋቴ ይኸው ነው። ዩኒፎርም ለብሻለሁ፤ ያን ሰሞን ዩኒፎርም በቂ ነበር። መኪናው ላይ ሲጭኑን ሳሙናውን እንደያዝኩ ነኝ። ሲፈትሹን ሳሙናውን ወሰዱት። የጉርድ ቀሚሴ ኪስ ጥግ ውስጥ የነበረችውን፣ የጣት አንጓ የምታክል እርሳስ ግን ማንም አላገኛትም።

ያስገቡን ክፍል ድሮ የቡና መጋዘን የነበረ ይመስለኛል። ግድግዳው እርጥብ ጆንያ ጆንያ ይሸታል። ሰባት ሴቶች፣ ሁለት ፍራሽ፣ ከቁመታችን በላይ የሆነች አንዲት መስኮት። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው በጣም ስለሚጮህ መነጋገር አይቻልም፤ እስኪያባራ ድረስ ዓይን ለዓይን እንተያያለን። መጀመሪያ ቀን በሩ አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። የት እንደምቀመጥ አላወቅሁም። አንዲት ጠይም፣ መነጽር ያደረጉ ሴት ፍራሹ ላይ ጠጋ አሉልኝና፣

"ነይ ልጄ። እርሳስ ነገር አልያዝሽም?" አሉኝ።

ስምሽ ማን ነው አላሉኝም፤ ለምን ታሰርሽ አላሉኝም። እርሳሷን አውጥቼ ሳሳያቸው ፊታቸው እንዴት እንደበራ አልረሳውም።

ሴትየዋ ኡካ በምትባል ከተማ መምህር ነበሩ። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። የታሰሩት ስብሰባ ላይ እጃቸውን አውጥተው በጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው። ባላቸው፣ ጋሼ የምንላቸው ጡረታ የወጡ ሰው፣ ስንቅ ለማቀበል ብለው ከኡካ መጥተው መቱ አንድ ክፍል ተከራይተዋል። ጋዜጣ ወደ እኛ ግቢ አይገባም። የመጨረሻው ገጽ ግን ወሬ ስለሌለበት ዘቦቹ አይከለክሉትም። ጋሼ ታዲያ በየቀኑ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጋዜጣውን ይገዙና ያቺን ገጽ ቀድደው ዳቦውን ይጠቀልሉባታል። ስናገኛት ዘይት የነካካት ናት፤ ግን ሳጥኖቹ ይታያሉ። ሁልጊዜም አንዲት ቃል ተሞልታ ትመጣለች።

"ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ነው" አሉን እትዬ አንድ ቀን። "ጋዜጣ ቤት በገባ ቁጥር ከባዷን አንዲት ቃል እሱ ይሞላል፤ የቀረውን ለኔ ይተዋል። ቀላሉን ነክቶት አያውቅም።"

"ባል ማለት ይሄ ነው!" አለች አብራን የታሰረች አንዲት ሻይ ሻጭ። "የኔውማ ቀላሉን በልቶ ከባዱን ለኔ ነው የሚተወው።"

ሻይ ሻጯ ማንበብ አትችልም። ግን ከሁላችንም በላይ የምታገኘው እሷ ናት፤ የወንዝ ስም፣ የዕቃ ስም፣ የበሽታ ስም፣ የማታውቀው የለም። ለምን እንደታሰረች ስትጠየቅ "ስኳሩ አንሶባቸው መሰለኝ" ትላለች። የክፍሉ ሕግ እንዲህ ነበር፦ እትዬ ጥያቄውን ያነባሉ፣ ሰባታችንም እንከራከራለን፣ ሁላችንም ካልተስማማን እርሳሷ ወረቀቱን አትነካም። የምጽፈው እኔ ነኝ፤ "ጸሐፊዋ" ነበር የሚሉኝ። አንድ ቃል ላይ እስከ ቀትር የተጣላንበት ቀን አለ።

"ሰው ሁሉ የሚመኘው" አሉ እትዬ፤ "ሦስት ሳጥን።"

"ነጻነት!" አለች ሻይ ሻጯ።

"እሱ አራት ነው።"

"ታዲያስ? ሰባት ሰው በሁለት ፍራሽ ከተኛ፣ አራት ፊደል በሦስት ሳጥን ምን ገደደው? ጠጋ ጠጋ በሉ በያቸው እንጂ!"

መልሱ "ሰላም" ነበር። እስኪያመን ስቀን ዘቡ በሩን በዱላ መታው።

ለኔ ስንቅ የሚያመጣልኝ አልነበረም፤ ዳሪሙ ሩቅ ነው፣ መንገዱም የእግር ነው። የበላሁት የእትዬን ነው። ስለዚህ በየጠዋቱ ሳህኑን ከበሩ የምቀበለው እኔ ሆንኩ፤ ሥራዬ ነው ብዬ ያዝኩት። ጋሼን ከሽቦው ወዲያ አያቸዋለሁ፤ ኮፍያቸውን አንሥተው "እንዴት አደራችሁ?" ይሉኛል። ከዚያ ያለፈ ቃል አንለዋወጥም።

አንድ ጠዋት ስጠራ ጋሼ የሉም። የቆሙት አከራያቸው ናቸው።

"ጋሼስ?" አልኳቸው።

ራሳቸው ላይ ያሰሩት ሻሽ ጥቁር ነው። ዘቡ ዳቦውን በሽቦ እየወጋ ሲፈትሽ ወደኔ ጠጋ አሉና "ኢንተላ ኮ፣ ኢሼቲ ሂንሂሚን" አሉኝ፤ ልጄ፣ እንዳትነግሪያት ማለታቸው ነው። ከዚያ በአማርኛ፣ ቶሎ ቶሎ፣ "ትናንት ከዚህ ተመልሰው እንደተኙ ቀሩ። የዚያኑ ዕለት ኡካ ወስደን ቀበርናቸው። እስክትፈታ ድረስ ጉንፋን ይዟቸዋል በያት።"

"ጨርሱ!" አለ ዘቡ።

እኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ቤቷ ገብቶ፣ ስትወድቅ የሚይዛት ሰው በግራ በቀኝ ተዘጋጅቶ ነው። ለታሰረ ሰው አይነገርም፤ ይጠበቃል። አከራያቸው ያደረጉት የሚደረገውን ነው። ግን ምስጢሩን የሰጡት ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበር።

ከበሩ እስከ ክፍላችን ስሄድ መሐል ላይ የውኃ ቧንቧ አለ። እዚያ ስደርስ ዳቦውን አየሁት። እንደወትሮው በዚያችው ገጽ ተጠቅልሏል። አከራያቸው ፊደል አልቆጠሩም፤ ጋሼ ሲያደርጉ ያዩትን ነው ያደረጉት። ስለ ቃሏ የነገራቸው የለም። ሳጥኖቹ በሙሉ ባዶ ናቸው።

ይህን ካዩ ያውቃሉ አልኩ። ቧንቧው ሥር ቁጢጥ ብዬ፣ እጄን የምታጠብ መስዬ፣ ገጿን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። የጋሼን ጽሕፈት አውቀዋለሁ፤ ወፍራም፣ ቀጥ ያለ ነው። ጥያቄዎቹን ሳይ የማውቀው አንድ ብቻ ሆነብኝ። "በመቱ አቅራቢያ የሚገኝ ፏፏቴ፤ ሁለት ሳጥን።" ሶር ብዬ ሞላሁ። ቀና ስል አንድ ሽማግሌ ዘብ እያየኝ ነው። ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ።

እትዬ ገጿን ተቀብለው ከወትሮው ረዘም አድርገው አዩዋት።

"ዛሬ ጋሼ አልመጡም፤ ጉንፋን ይዟቸዋል" አልኩ።

"እግዜር ይማረው" አሉ። ዳቦውን ቆርሰው መጀመሪያ ለኔ ሰጡኝ።

በማግስቱም ቧንቧው ሥር ተቀመጥኩ፤ በሦስተኛውም ቀን። ከባድ ከባዱን መሙላት እንዳለብኝ የገባኝ በሁለተኛው ቀን ነው። ጊዜው አይበቃኝም፤ ሳህኑ ይቀዘቅዛል፣ ዘቡ ይጣራል። ማታ ማታ፣ ሌላው ሲተኛ፣ ቃላት ስደረድር አድራለሁ። አያቴ የምትለው፣ አባቴ የሚለው፣ ቤተ ክርስቲያን የሰማሁት፤ ሁሉንም በጣቴ ሳጥን ሳጥን እያደረግሁ እቆጥራለሁ። በአራተኛው ቀን ትንሽ የምትከብድ ቃል አገኘሁ። ደስ ብሎኝ ገባሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

በአምስተኛው ቀን፣ ቁልቁል ዘጠኝ፦ "ከማር ተለይቶ፣ ሰም ከመሆኑ በፊት፤ ሦስት ሳጥን።" አባቴ ቀፎ ሲያወርድ ስንቴ በእጄ ይዤዋለሁ! ሰፈፍ ብዬ ሞላሁና ልክ እንደ ጋሼ፣ ቀጥ አድርጌ፣ አጠበቅሁት።

እትዬ አዩት። መነጽራቸውን አወለቁ። ገጿን እንደ ልማዳቸው ለማንበብ አልዘረጓትም፤ አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጧት።

"ልጄ" አሉኝ ቀስ ብለው፤ "ይህንንስ እሱም አያገኘውም ነበር። የከተማ ልጅ ነው፤ ሰፈፍን የት ያውቀዋል?"

ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

"መቼ ነው የሞተው?"

ልዋሽ ፈልጌ ነበር። "አምስት ቀን ሆነው... ስድስት" አልኩ። "መቼ አወቁ እትዬ?"

"ሶርን ያየሁ ቀን። እሱ ለኔ የሚተወውን ነበር የሞላሽው።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"ካወቅሁ ማልቀስ አለብኝ። እዚህ ደግሞ ማልቀሻ የለም። አንቺም በየቀኑ የባሰ ከባድ ይዘሽ ስትመጪ፣ ትንሽ ይቆይ፣ ነገ ደግሞ ምን ታመጣ ይሆን አልኩ። እንዲህ እያልኩ አምስት ቀን አኖርኩት።"

ሻይ ሻጯ ሰምታለች። ምንም ቀልድ አልተናገረችም። ተነሥታ ሁለቱን ፍራሾች አጣጥፋ ግድግዳው ጋ አቆመቻቸው፤ ሁላችንም መሬት ላይ፣ እትዬን መሐል አድርገን ተቀመጥን። ጩኸት ክልክል ነው። ሻይ ሻጯ ለጋሼ ያወረደችው ሙሾ በሹክሹክታ ነበር። ሙሾ በሹክሹክታ ሲወርድ ያን ቀን ሰማሁ፤ ከጩኸቱ ይልቅ እሱ ነው ጆሮዬ ላይ የቀረው። እትዬ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወዲህና ወዲያ ይወዛወዛሉ፤ ድምፅ ግን አላወጡም።

ከሰዓት በኋላ ቆጠራ ደረሰ። "ይቅሩ፣ አሟቸዋል እንላለን" አልናቸው። እምቢ አሉ። ፊታቸውን ታጥበው፣ ነጠላቸውን ገልብጠው፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው የሐዘን አለባበስ ለበሱ። እንደዚያው ወጥተው መስመራችን ላይ ቆሙ። ያው ሽማግሌ ዘብ ነው የሚቆጥረን። ሁላችንንም፣ እሳቸውንም ጭምር፣ አንቺ ነው የሚለን።

"ምንድን ነው አለባበሱ?" አለ።

"ባሌ ሞቶብኛል" አሉ እትዬ፤ ድምፃቸው ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምር ሰው ነበር። "ሐዘን ላይ ነኝ። ይቁጠሩኝ።"

ዘቡ ኮፍያውን አወለቀና "እግዚአብሔር ያጥናዎት" አላቸው።

"አሜን" አሉ።

በማግስቱ አከራያቸው ሲመጡ የእትዬን መልእክት ይዤ ሄድኩ። "አውቃለሁ በያት። ቀብረሽልኛል፣ ጠብቀሽልኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ዳቦውን በፌስታል ላኪው በያት።" ስነግራቸው ሽቦውን ይዘው አለቀሱ። ከዚያ ወዲያ ገጿ አልመጣችም።

እኔ ከጥቂት ሳምንት በኋላ "ሂጂ" ተባልኩ፤ ለምን እንደገባሁም ለምን እንደወጣሁም የነገረኝ የለም። እትዬ ብዙ ወር ቆይተው ወጡ። ቃላት መደርደሩ ግን ለቆኝ አያውቅም። አውቶቡስ ውስጥ፣ ሰልፍ ላይ፣ ጣቴ ሳጥን ይቆጥራል። ደስታዬና ያ ክፍል እንዴት አንድ ላይ እንደሚኖሩ አላውቅም፤ ግን ይኖራሉ።

ቅዳሜ ጋዜጣውን ይዤ ኡካ ሄድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"ቁልቁል ሰባት ተንኮል አለበት" አሉ።

"እትዬ ደግሞ!"

"ጥሩ ነው። ጥሩ ተንኮል ነው።" ጋዜጣውን አጥፈው፣ ከእስር ቤቱ ወዲህ አንድም እንዳልፈቱ ነገሩኝ። ሞክረው ነበር፤ ግን ከፊት ለፊታቸው ሰው ከሌለ ሳጥኖቹ ዝም ይሉባቸዋል። በመጨረሻ "ብቻዬን አልቻልኩም፤ እስቲ ሰው ጥሪልኝ" አሉኝ።

እነሆ እየጠራኋችሁ ነው። እሁድ ከሰዓት በኋላ እትዬ በረንዳቸው ላይ አግዳሚ ያወጣሉ። ኡካ ገብታችሁ "መምህርቷ ቤት" ካላችሁ የማያሳያችሁ የለም። ማንበብ የማይችልም ይምጣ፤ ሐዘን ላይ ያለም ይምጣ። እስክንስማማ ድረስ እንከራከራለን፤ እኔ እጽፋለሁ።