ሸክላ ሠሪዎቹ ያልገቡበት መጽሐፍ

እኔ ተማሪ ሳለሁ የታሪክ መጽሐፋችን ስለ እኛ አገር የሚለው ከአንድ አንቀጽ አያልፍም ነበር። መኳንንቱ መጥተው አገር አቀኑ ይላል። አያቴ ግን ያንን ዘመን የሚያስታውሰው በሌላ መልኩ ነው። አባቱ መሬቱን ለያዘው መልከኛ ማገዶ ተሸክሞ አቀበት የወጣበት፣ የግብር ማር ጎደለ ተብሎም የተገረፈበት ዘመን ነው። ለፈተና የመጽሐፉን እጽፋለሁ፣ ማታ እሳት ዳር የአያቴን እሰማለሁ። የታሪክ መምህርት የሆንኩት በዚህ የተነሳ ይመስለኛል። አንድ ቀን እኛው ስለ ራሳችን እንጽፋለን፣ ያን ጊዜ ሁሉም ልክ ይገባል ብዬ አምን ነበር።

ቀኑ መጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አርባ ምንጭ ውስጥ ስለ አካባቢያችን ታሪክ ለተማሪዎች አጋዥ መጽሐፍ ይዘጋጅ ተባለና ከአዘጋጆቹ አንዷ ሆንኩ። ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ባለ አንድ አዳራሽ ተሰብስበን፣ ውጭ የባጃጁ ጩኸት አላነጋግር እያለን፣ ምዕራፎቹን ተከፋፈልን። ስለ ገባሩ ዘመን ለመጻፍ ማንም አላመነታም። እርጥብ ሣር ይዘው ጠብ ስለሚያበርዱ አባቶችና ስለ ሽመናው በደስታ ጻፍን። ከዚያ እኔ ሸክላ ሠሪዎቹን አነሳሁ። ከከተማው በላይ ባለው ደጋ እነዚህ ሰዎች የእርሻ መሬት አይሰጣቸውም ነበር፤ የገበሬ ቤት አይገቡም፣ ከገበሬ ጋር አይጋቡም፣ መቃብራቸውም ለብቻ ነው። ይኸም ታሪካችን ነው አልኩ።

ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡን ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ፤ ክፉ ሰው አይደሉም። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

"እውነትሽን ነው ልጄ፣ እኔም ያደግሁበት ነው" አሉኝ። "ግን ልጆቹ መጀመሪያ ወገናቸውን ይውደዱ። ሌላውን ሲያድጉ ይደርሱበታል።"

"ያኔ ስለ እኛ የጻፉትስ እንደዚሁ ብለው አልነበረም?" አልኳቸው።

"የእነሱ ሌላ ነው" አሉ፤ ግን ቀና ብለው አላዩኝም።

መጽሐፉ ሲወጣ ሕዝባችን ከጥንት ጀምሮ ያለ ልዩነት በእኩልነት ኖረ ይል ነበር። ሸክላው ገብቷል፤ ፎቶግራፉም ያምራል። የሠሩት ሰዎች ግን የሉበትም።

ያንን ገጽ ሰባተኛ ክፍል ሳስተምር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ከደጋ ከወረዱ ብዙ ያልቆዩ ቤተሰቦች ልጅ ነበረች፤ ካልጠሯት የማትናገር።

"ቲቸር፣ አያቴ ሸክላ ትሠራለች" አለች። "ገበያ ስትወጣ መንገድ ላይ ውሃ ብትጠይቅ የሚሰጧት በራሷ ቅል ነው፤ ግቢ አይሏትም። ታዲያ እኩል ነበሩ የሚለው እነማንን ነው?"

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ሌሎቹ ዞረው አዩዋት። ጥያቄዋ ትክክል እንደሆነ፣ መጽሐፉ ያንን እንደዘለለው፣ ነገሩም ጨርሶ እንዳልቀረ ነገርኳቸው። ሰው በእጅ ሥራው የሚናቅበት ምክንያት እንደሌለም ጨመርኩ። በጥሞና ያዳመጡኝ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሁሉ ንግግር የያዙት ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጅቷ የማን ዘር እንደሆነች።

ብዙም ሳይቆይ አጠገቧ የምትቀመጠው ጓደኛዋ ቦታ ቀየረች። ጠርቼ ስጠይቃት "እማዬ ናት ያለችኝ" ብላ አለቀሰች። በእረፍት ሰዓት ልጅቷን ሳያት ብቻዋን ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች።

አባቷ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ከከተማው ወጣ ብሎ ላንቴ በሚባለው የሙዝ እርሻ አካባቢ ሙዝ ጫኝ ናቸው፤ ትከሻቸው ላይ ከተቆረጠ ሙዝ የሚንጠባጠበው ወተት ያጠቆረው ሸሚዝ ለብሰው፣ ከቢሮው በር አልፈው ለመግባት አመነቱ። ወንበር ብሰጣቸውም ጫፉ ላይ ነው የተቀመጡት። በጋሞኛ ነበር ያወራነው።

"መምህርት፣ አንድ ነገር ልለምንዎት ነው" አሉኝ። "ልጄን የመጽሐፉን ብቻ ያስተምሩልኝ።"

"የተናገረችው እኮ እውነት ነው።"

"እውነት መሆኑን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ከደጋ የወረድነው ማንም እንዳያውቀን ብለን ነው። እዚህ ሙዝ ጫኝ ነኝ፣ በቃ። በጸሎት ቤት ወንድም ይሉኛል። መጽሐፉ እኩል ነበራችሁ ካለ፣ ይበል። ውሸት ነው፤ ግን ልጄ እሱ ሥር ተጠልላ ትደግ።"

 ከፊሉ የተቆረጠ ታሪክ የሚጻፈው ከላይ ላሉት ይመስለኝ ነበር። ከታች ያለውም ይፈልገዋል፣ እርቃኑን የሚሸፍንበት ሌላ ነገር ስለሌለው። እኔ የጎደለውን ልሞላ ስል ልጅቷን ከሽፋኑ አወጣኋት፤ በሌላ ያለበሳት ግን የለም።

ክረምቱ ሳይገባ አያቷ ሞቱ። ለቅሶ ለመድረስ የገረሴን ከተማ አልፌ፣ መኪና የማይገባውን ዳገት በእግሬ ወጣሁ። ድንኳን ተጥሏል፣ መዘምራን ይዘምራሉ፤ ወንጌላዊው በእግዚአብሔር ፊት ትልቅና ትንሽ የለም እያሉ ሰበኩ። ሰውም አሜን አለ። አስከሬኑ ሲነሳ የመንደሩን መቃብር፣ በአጥር የተከበበውን፣ አልፈን ሄድን። ሸክላ ሠሪዎቹ የሚቀበሩት ቁልቁል፣ የሸክላው ጭቃ የሚቆፈርበት ወንዝ ዳር ነው። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ገበሬዎቹ ቆሙ። አጠገቤ የነበሩ አሮጊት እንባቸው አልቆም ብሏል።

"ደግ ጎረቤቴ ነበረች፤ ስታመም ደጄ ድረስ እየመጣች ስትጠይቀኝ የኖረች" አሉኝ።

"ታዲያ አይወርዱም፣ እናቴ?"

"እኛ አንወርድም" አሉ፣ ግራ እንደገባው ሰው። "ከጥንትም እንዲህ ነው።" ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው እዚያው ቀሩ።

እኔ ከቤተሰቡ ጋር ወረድኩ። አፈሩ ሲመለስ ልጅቷ እጄን ያዘች።

"ቲቸር፣ እኔስ ስሞት የት ነው የሚቀብሩኝ?"

"አንቺ ገና ልጅ ነሽ" አልኳት።  እሷም ደግማ አልጠየቀችኝም።

በመስከረም ምዝገባ አልመጣችም። ጎረቤቶቻቸው ወደ ሌላ ከተማ ሄዱ አሉኝ። ጡረተኛውን መምህር አግኝቼ ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው፤ በሚቀጥለው እትም እናየዋለን አሉ። መጽሐፉ ድጋሚ ሲታተም የተቀየረው ሽፋኑ ብቻ ነበር። እሳቸውም ብዙ ሳይቆዩ አረፉ፤ ቀብራቸው ላይ ከተማው ሁሉ ነበረ።

ባለፈው ዓመት የአባትየውን ስልክ አፈላልጌ ደወልኩ። ድምፄን አውቀው ደስ አላቸው። ደህና ነን፣ ሥራም አለ፣ እዚህ የሚያውቀን ሰው የለም አሉኝ። ስለ ልጅቷ ጠየቅሁ።

"ጎበዝ ናት። ታሪክ ትወድ ነበር፣ እኔ ነኝ የከለከልኳት" አሉ። "ሒሳብ ይሻልሻል አልኳት። ሒሳብ ማንንም አያስከፋም።"

ሰላም በሉልኝ አልኳቸው። እሺ አሉ፤ እንደማይነግሯት ግን ከአነጋገራቸው ገባኝ።