የጀርመን ከፍተኛ ተራራ

እርጥብ ሱፍ በካውያ ሲተኮስ የሚያወጣውን ሽታ ያውቁታል? በቀደም በአንድ ላውንደሪ ደጃፍ ሳልፍ ያ ሽታ ድንገት መጣብኝና እንደ ታመመ ሰው ግድግዳ ተደግፌ ቆምሁ።

አባቴ ፒያሳ ልብስ ሰፊ ነበር። ሱቁ የነበረበት ቦታ ዛሬ መንገድ ሆኗል። በደርግ ዘመን ቀበሌያችን አንድ ወጣት ለትምህርት ወደ ምሥራቅ ጀርመን እንዲልክ ዕድል ሲሰጠው፣ ስለ ጀርመን ታሪክና ጂኦግራፊ የጥያቄና መልስ ውድድር ታወጀ። ታላቅ ወንድሜ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ጫፍ ቆሞ ያጠና ነበር፤ ጠያቂው እኔ ነበርሁ። ኤልብ ወደ ሰሜን ባሕር እንደሚፈስ፣ ዳኑብ ከጥቁር ደን እንደሚነሣ፣ ሁሉንም ሳያመነታ ይመልስ ነበር። አባቴም ውጤቱ ሳይታወቅ ከባድ የሱፍ ካፖርት ሰፍቶ፣ ተኩሶ ሰቀለለት። «አገሩ በረዶ ነው አሉ፤ ይህን ሳትለብስ ከቤት እንዳትወጣ» ይለው ነበር፣ ልጁ ገና ከፒያሳ ሳይወጣ።

በውድድሩ ቀን እናቴ ስለት ልትሳል ሥላሴ ሄደች፤ እኔና አባቴ ቀበሌው አዳራሽ ገባን። በመጨረሻ ወንድሜና አንድ የሰፈር ጓደኛው ብቻ ቀሩ። የቀበሌው ሊቀመንበር የጀርመንን ከፍተኛ ተራራ ጠየቀ።

«ዙግሽፒትሰ» አለ ወንድሜ።

«ስሕተት! ፊሽቴልበርግ ነው።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ፊሽቴልበርግ የምሥራቁ ነው። የጀርመን ከተባለ ግን ትልቁ በምዕራቡ በኩል ያለው ነው።»

ከኋላ አንድ የአራዳ ልጅ «ተራራውም ቡርዧ ሆነ በለኛ!» ብሎ አዳራሹን አሳቀው። ሊቀመንበሩ ግን አልሳቀም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዕድል ልስጥህ፤ አስተካክለህ መልስ» አለው። አባቴ ክንዴን ጨበጠኝ።

«እኔ ተራራ ላሳጥር አልችልም» አለ ወንድሜ።

በመንግሥት ሥራ ላይ ሳለሁ ብዙ ሰዎች በብዙ ስብሰባ ሲጠየቁ አይቻለሁ፤ እንደዚያ የጠራ መልስ ግን ዳግመኛ አልሰማሁም። ጓደኛው በተራው ተጠየቀ፤ አንገቱን ደፍቶ «ፊሽቴልበርግ» አለ።

ማታ እናቴ «ምን ጠይቀው ጣሉት?» ስትል አባቴ ቀደመ። «የተራራ ስም ነው። አላወቀውም።»

ወንድሜ ቀና ብሎ አየው። እናቴ ራሱን እየዳበሰች «ታዲያ ያልተማረውን ቢጠይቁት ምን ያድርግ ልጄ!» አለች።

አባቴ ካፖርቱን «ብርዱ ለሁሉም አንድ ነው» ብሎ ለጓደኛው ሰጠው። ጓደኛው ወደ ላይፕዚግ በረረ። ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተመለመለ፤ ብዙም ሳይቆይ ከሰሜን መርዶው መጣ። እናቴ «ያቺን የተራራ ስም ባወቃት ኖሮ» እያለች ደረቷን ስትመታ፣ ከለቀስተኛው አንድም ሰው አላረማትም።

እኔ መሥሪያ ቤት ከተቀጠርሁ በኋላ፣ ሁለቱ ጀርመኖች አንድ መሆናቸውን ራዲዮ ተናገረ። ሱቁ ውስጥ ነበርን፤ እናቴ ከመጋረጃው ኋላ የሸሚዝ ቁልፍ ትተክላለች። «አባባ፣ እንግዲህ ትልቁ ተራራ...» ብዬ ስጀምር አባቴ እጁን አፌ ላይ አደረገ።

«ዝም በይ፣ ልጄ» አለ በሹክሹክታ። «ባያውቀው ነው ብላ ነው እንቅልፍ የሚወስዳት።»

«ምን አለ ራዲዮው?» አለች እናቴ።

«የሩቅ አገር ወሬ ነው» አላት። «እኛን አይመለከተንም።»