ሲንተሳይዘሩ ሊናገር ሲል

የድሮ ካሴት ከፍታችሁ፣ የምትፈልጉት ነገር ሊነገር ሲል፣ ልክ በዚያች ቅጽበት ሌላ ሰው አውርቶባችሁ ያውቃል? እኔ ሰሞኑን በዚህ ልፈነዳ ደርሻለሁ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳ። ልጅ እያለሁ አባቴ የፋብሪካ መካኒክ ነበር፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ በየሠርጉ ኦርጋን ይጫወታል። ሰው ኦርጋን ይበለው እንጂ መሣሪያው ሲንተሳይዘር ነው፤ ማለትም ድምፅን በኤሌክትሪክ ከባዶ የሚፈጥር። ያገለገለ ስለገዛው ፊቱ ላይ የተደረደሩት ማዞሪያዎች ምን እንደሚሠሩ የሚነግረው አላገኘም። ምኞቱ አንድ ነበር፦ ከዚያ መሣሪያ የማሲንቆ ድምፅ ማውጣት። በአቅራቢያችን ወዳሉት ከተሞች፣ መሸንቲም መራዊም፣ ለሠርግ ሲሄድ ሠርገኞቹ «ይኸ ሁሉ ሽቦ ማሲንቆ ማለት አቃተው?» እያሉ ያበሽቁታል።

አንድ ክረምት ቴሌቪዥኑ ስለ ድሮ ሲንተሳይዘሮች የሚተርክ የውጭ ፕሮግራም በአማርኛ ትርጉም ማሳየት ጀመረ። ቪዲዮ መቅጃ ስላልነበረን አባቴ ቴፑን ከቴሌቪዥኑ ፊት ዱካ ላይ አስቀምጦ ይቀዳል። በዚህ ዘዴ ቴፑ የቤቱንም ድምፅ ስለሚወስድ እናቴ ዓሣ መጥበሷን ታቆማለች፤ የዘይቱ ሽታና ከሰፈራችን አጠገብ ካለው ሐይቅ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ተቀላቅሎ ቤቱን ሲሞላው እኛ ሳላችንን እንውጣለን።

በመጨረሻው ክፍል እንደ ማሲንቆ በደጋን የሚመታ የክር ድምፅ እንዴት እንደሚሠራ ሊነገር ሆነ። ተራኪው «መጀመሪያ ይህን ማዞሪያ ወደ ግራ…» እንዳለ የሰፈራችን የቄስ ትምህርት ቤት መምህር፣ የኔታ አላምረው፣ ገቡ። በእኛ አገር ሽማግሌ ሰላምታ ሲጀምር «ይቆዩ» አይባልም።

«እንደምን ዋላችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ልጆች ደኅና ናቸው? ከብቱስ?» ከብት የለንም፤ እሳቸው ግን ይጠይቃሉ። «ምነው ቤቱ ጭር አለ? የታመመ አለ እንዴ?»

«የለም የኔታ፣ ቴሌቪዥን እያየን ነው።»

«ታዲያ ይኸ የሚያላዝነው ምንድን ነው?»

የሚያላዝነው አባቴ የሚፈልገው ድምፅ ነበር። ሰላምታው ሲያልቅ ፕሮግራሙም አለቀ።

ባለፈው ወር ቁም ሣጥን ሳስተካክል ካሴቶቹን አገኘኋቸውና ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኋቸው። የአባቴ ጆሮ እየደከመ ነው። ጨርሶ ሳይዘጋ ያንን ድምፅ ከራሱ መሣሪያ እንዲሰማ ቸኩያለሁ። ኢንተርኔት ላይ ፈለግሁ፤ ፕሮግራሙ የለም፤ የሌሎች መሣሪያዎች መመሪያ ደግሞ ለእሱ አይሆንም። የየኔታን ድምፅ ስቀንስ ተራኪውም አብሮ ይጠፋል። አንዴ የተቀላቀለ ሽሮና በርበሬ ልለይ ተቀምጬ ስንት ቅዳሜ አባከንሁ! የኔታ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ደቂቃ ዘግይተው ቢመጡ ምን ነበረበት?

በመጨረሻ የደረስሁበትን ድምፁን ከፍ አድርጌ ለአባቴ አሰማሁት። «ወደ ግራ…» አለ ተራኪው። «ልጆች ደኅና ናቸው?» አሉ የኔታ።

አባቴ ከሶፋው ብድግ አለ። «ደኅና ናቸው የኔታ፤ ይችው አስተማሪ ሆናለች» ብሎ ለኮምፒውተሩ መለሰለት።

«አባዬ፣ ማዞሪያውን ሰማኸው ወይ?» አልሁት በንዴት።

«እሱ የትም አይሄድ። እስቲ ከሰላምታው ጀምሪልኝ።»

እንደገና ከፈትሁለት፤ ምን ላድርግ? ማሲንቆው እስከ ዛሬ አልወጣም፤ ብስጭቴም አልበረደም። ግን ያን ጊዜ ዝም በሉ የሚባልበት ቤት እንኳ ሰው ይገባበት ነበር። ዛሬ ሁላችንም በጆሮ ማዳመጫ ጥርት ያለ ድምፅ እንሰማለን፤ በራችንን ሳይደውል የሚያንኳኳ የለም።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዛሬ ቤታችሁ ስልካችሁን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና የምትወዱትን ነገር ቅዱ። ሰው ከገባ አታጥፉት፤ ሰላምታውን እስኪጨርስ ይቀዳ።