የቻላቸው ውሃ

ትእዛዙ አጭር ነበር፤ «ኮረብታዋን ያዙ፤ እስክትተኩ ድረስ ንቅንቅ የለም።» ያዝናት። ሃያ ሰባት ነበርን። ተተኪ ግን አልመጣም። መንገዱ በመድፍ ስለሚደበደብ የውሃ ቦቴውም ቀረ። በሦስተኛው ቀን ምላሳችን ከላንቃችን ተጣበቀ።

እናንተ የእንጅባራ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች፣ ስለ አመራርና ስለ አንድነት ከዳዊት ታሪክ ተምራችሁ «ጋሼ፣ እርስዎም ጦር ሜዳ ያዩትን ይጨምሩልን» ስላላችሁኝ ነው የምናገረው። ዳዊት ውሃ በተመኘ ጊዜ ሦስት ኃያላን የጠላትን ሰፈር ሰንጥቀው ቀድተው አመጡለት። እሱ ግን የሰዎቹ ደም ነው ብሎ አልጠጣም፤ ለእግዚአብሔር አፈሰሰው። ታሪኩን እኔም አውቀዋለሁ። እኛን ይመራ የነበረው መቶ አለቃም ያውቀው ነበር፤ ውትድርና ሳይገባ ዲያቆን ነበር። ቁስለኛ በጀርባው የሚሸከም፣ ከእኛ በኋላ የሚበላ ሰው ነው። ክፉ እንዳይመስላችሁ።

ከኮረብታዋ ግርጌ፣ በእኛና በጠላት መካከል፣ አንዲት ምንጭ ነበረች። በአራተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ሦስት ሆነን ወረድን፤ እኔ፣ የጥርባው አየነውና የዳንግላው ቻላቸው። ሦስታችንም አዊኛ ስለምንችል የምንንሾካሾከው በእሱ ነበር። ሁለት ጀሪካን ሞላን። ስንመለስ መትረየስ ተከፈተብን። አንዱ ጀሪካን ተበሳ። ቻላቸው ጭኑን ተመቶ ወደቀ። ልናነሳው ጎንበስ ስንል፣

«ሁለቱን አትችሉም» አለ። «ውሃውን ውሰዱ። ወንድሞቻችን ይጠጡ።»

ውሃውን ወሰድን። ይህን ስናገር ዛሬም አፌን ይመረኛል። ዘወር ብለን ስናይ መንቀሳቀስ አቁሞ ነበር።

ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ ምሽግ ገባን። መቶ አለቃው ጀሪካኑን ተቀበለን፤ ሦስተኛውን ሰው በዓይኑ ፈለገ። ነገርነው። እንባው ወረደ።

«ይህ የቻላቸው ደም ነው። እኔ አልጠጣም» አለ።

እስከዚህ ድረስ ልባችን ከእሱ ጋር ነበር። ከዚያ ክዳኑን ፈታና ጀሪካኑን ደፋው። ውሃው አንዲት ጠብታ ሳትቀር አፈር ውስጥ ገባ። እግሩን የቆሰለው ታደሰ እየተሳበ መጣ፤ ጭቃውን በፋሻ ጠቅልሎ ወደ አፉ ጨመቀ።

አየነው ብቻ ተናገረ።

«መቶ አለቃ፣ ዳዊት ያፈሰሰው ለራሱ የመጣለትን ነው። ይሄ የእኛ ነበር።»

መቶ አለቃው ባዶውን ጀሪካን ክዳኑን ገጥሞ አስቀመጠው።

ከዚያ ወዲያ ማንም ማንንም አልሰማም። «እዚህ ቁም» ሲባል የሚቆም ጠፋ። ስምንት ሰዓት ላይ ከቀኝ ክንፍ ስድስት ሰዎች ሳያስፈቅዱ ወደ ምንጯ ወረዱ፤ አየነው አንዱ ነበር። ጠላት አይቷል። አሥር ሰዓት ላይ በዚያው ባዶ በቀረው ክንፍ መጣብን። መቶ አለቃው ክፍተቱን ብቻውን ሊደፍን ሮጠ። እዚያው ቀረ። ኮረብታዋን ለቀን ወጣን።

በማግሥቱ ጧት ስም ሲጠራ አሥራ ሦስት ሰው አቤት አላለም። ወደ ምንጯ ከወረዱት ስድስቱ አንድም አልተመለሰም። የማንንም አስከሬን አላነሳንም።

ስለ አመራር የማውቀው ይህን ያህል ነው። መሪ ከፈለገ የራሱን ድርሻ ያፍስስ፤ የሰው ድርሻ ግን በእጁ ያለ አደራ ነው። አንድነታችንንም ጥይት ሲያፈርሰው አላየሁም። ሲፈርስ ያየሁት በዚያ ጧት ጀሪካኑ ሲደፋ፣ አንድም ጥይት ሳይተኮስ ነው።

ከሠራዊቱ ከተሰናበትሁ በኋላ የቻላቸውን አባት ልጠይቅ ዳንግላ ሄድሁ። ሽማግሌው ልጃቸው እንዴት እንደሞተ፣ ምን ብሎ እንደላከን፣ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ውሃውንስ ጠጣችሁት?»

«ጠጣነው፣ አባቴ።»

«ተመስገን» አሉ።